ሴሮቶኒን በሙዝ አይሞላም

ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ምዕራብ ዓባያ ሲደረስ፣ ከተራራው ግርጌ እስከ ዓባያ ሐይቅ ዳርቻ ዓይን የሚሞላው ሙዝ ነው። በብርብርና በአካባቢዋ የሚመረተው ሙዝ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ይህ ፍሬ ከአንጎል ኬሚስትሪ ጋር የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1958 የአሜሪካ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ፣ ሙዝ ውስጥ ሴሮቶኒን፣ ኖርኤፒነፍሪንና ተዛማጅ ኬሚካሎች እንደሚገኙ አሳተሙ። ሁለቱም አንጎላችን ውስጥ ከአንዱ የነርቭ ሕዋስ ወደ ሌላው መልእክት የሚያደርሱ ኬሚካሎች ናቸው፤ ስለ ድባቴ በተወራ ቁጥርም ስማቸው ይነሳል።

ከዚህ ተነስቶ «ሙዝ ብላ፣ ሴሮቶኒንህ ይሞላል፣ ድባቴው ይለቅሃል» የሚል ምክር በየስልኩ ይዘዋወራል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ምዕራብ ዓባያ ድባቴ የማይገባበት ወረዳ በሆነ ነበር። ምክሩ ራሱ ማንንም አይጎዳም። ከጀርባው ያለው ሐሳብ ግን፣ ማለትም ስሜታችን የአንድ ኬሚካል መሙላትና መጉደል ነው የሚለው እምነት፣ ብዙ ሰው ከሕክምና አርቋል ብዬ አምናለሁ።

ሙዙ ውስጥ ሴሮቶኒን መኖሩ እውነት ነው። ወደ አንጎል ግን አያልፍም። የአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ የተሠራባቸው ሕዋሳት እርስ በርስ አጥብቀው የተያያዙ ስለሆኑ፣ በደም ከሚዞረው ነገር የሚያሳልፉትን ይመርጣሉ፤ ሴሮቶኒንን አያሳልፉም። አንጎል የሚፈልገውን ሴሮቶኒን ትሪፕቶፋን ከተባለ የፕሮቲን ንጥረ ነገር ራሱ ይሠራል። ሰውነታችን ውስጥ ካለው ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ የሚገኘው አንጀት ውስጥ ሲሆን፣ እዚያ ዋና ሥራው የአንጀትን እንቅስቃሴ ማገዝ ነው። ከሙዝ የገባው ሴሮቶኒን ደግሞ ተሰባብሮ በሽንት ይወጣል። ይህን ስብርባሪ በሽንት ውስጥ የሚለካ የላቦራቶሪ ምርመራ አለ፤ ምርመራው የታዘዘለት ሰው ከቀናት በፊት ጀምሮ ሙዝ እንዳይበላ ይነገረዋል፤ ከበላ በሽታ ሳይኖርበት ውጤቱ ከፍ ብሎ ሊታይ ስለሚችል ነው። የሙዙ ሴሮቶኒን የት እንደሚደርስ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

«ድባቴ የሴሮቶኒን እጥረት ነው»

ይህን አባባል ከተማሩ ሰዎች፣ አንዳንዴም ከሐኪም አፍ እንሰማዋለን። መነሻው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ፣ ስታተን አይላንድ ላይ በሚገኘው ሲ ቪው ሆስፒታል፣ ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሁለት አዳዲስ መድኃኒቶች ተሞከሩ፤ አይሶኒያዚድና ኢፕሮኒያዚድ። አይሶኒያዚድን በጤና ጣቢያዎቻችን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የወሰደ ሁሉ ዛሬም ያውቀዋል። የቅርብ ዘመዱን ኢፕሮኒያዚድን የወሰዱት ሕሙማን ግን ሐኪሞቹ ያልጠበቁትን ነገር አሳዩ፤ ከአልጋቸው ተነሱ፣ የምግብ ፍላጎታቸው ተከፈተ፣ ፊታቸው ፈካ፣ ተጫወቱ። በኋላም መድኃኒቱ ሴሮቶኒንና ኖርኤፒነፍሪንን የሚሰባብረውን ኢንዛይም እንደሚያግድ ታወቀ። በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ ላይ ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ሮላንድ ኩን ኢሚፕራሚን የተባለ ሌላ መድኃኒት ድባቴን እንደሚያቀል አየ። ይህም በነርቭ ሕዋሳት መካከል የእነዚሁን ኬሚካሎች መጠን ከፍ የሚያደርግ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ኬሚካሉ ሲጨምር በሽተኛው ከተሻለው፣ በሽታው የኬሚካሉ ማነስ መሆን አለበት ተባለ። ጆሴፍ ሺልድክራውት እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ኖርኤፒነፍሪን፣ አሌክ ኮፐን በ1967 ስለ ሴሮቶኒን ይህንኑ ሐሳብ ጻፉ። በዘመኑ ጥሩ መላምት ነበር፤ ለምርምርም በር ከፍቷል። ፍሉኦክሰቲን የተባለው መድኃኒት በ1987 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድና የመድኃኒት ማስታወቂያ ሲከተለው ግን፣ መላምትነቱ ተረስቶ የተረጋገጠ እውነት መስሎ ዓለምን አዳረሰ።

የሐሳቡ ቀዳዳ ለቆላ ሰው ግልጽ ነው። ወባ የያዘው የምዕራብ ዓባያ ገበሬ ኮአርተም ወስዶ ይድናል፤ ይህን አይቶ ወባ የኮአርተም እጥረት ነው የሚል ሰው ግን የለም።

ሌሎች ማስረጃዎችም አሉ። ፀረ ድባቴ መድኃኒቶች በነርቭ ሕዋሳት መካከል ያለውን ሴሮቶኒን በሰዓታት ውስጥ ከፍ ያደርጉታል፤ የበሽተኛው ስሜት የሚሻሻለው ግን ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ጉዳዩ እጥረት ብቻ ቢሆን በዚያው ቀን በተሻለው። በቀዶ ሕክምና ክፍሎቻችን ለማደንዘዣነት የሚታወቀው ኬታሚን ደግሞ ዋና ሥራው ግሉታሜት በተባለ ሌላ መልእክተኛ ኬሚካል ላይ ሆኖ ሳለ፣ በአንዳንድ ከባድ ሕሙማን ላይ ድባቴን በሰዓታት ውስጥ ሲያቀል ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ለንደን የሚገኙት የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆአና ሞንክሪፍና ባልደረቦቻቸው የአሥርተ ዓመታቱን ጥናቶች ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ድባቴ ከሴሮቶኒን ማነስ እንደሚመጣ የሚያሳምን ወጥ ማስረጃ አላገኙም።

ይህ ዜና ሌላ ስህተት ወለደ፤ «ስለዚህ መድኃኒቱም ውሸት ነው» የሚል። አንዱ ከሌላው አይከተልም። እ.ኤ.አ. በ2018 «ላንሴት» ላይ የወጣው የአንድሪያ ቺፕሪያኒና የባልደረቦቹ ሥራ 522 ጥናቶችን፣ ከ116,000 በላይ ሕሙማንንና 21 መድኃኒቶችን አጠቃልሎ ነበር፤ ሁሉም መድኃኒቶች፣ ምንም መድኃኒት ከሌለው እንክብል የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ልዩነቱ በአማካይ መጠነኛ ነው፤ ተአምር የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። ነገር ግን ከአልጋ መነሳት ላቃታት እናት መጠነኛ መሻሻል ማለት ልጇን መልሶ ማጥባት ሊሆን ይችላል። ይህን ማቃለል አልችልም።

ታዲያ አንጎል ውስጥ ምን እየሆነ ነው? 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት ያለማቋረጥ እየተያያዙና ግንኙነታቸውን እያስተካከሉ ይኖራሉ። ጭንቀት ሲበዛ አድሬናል ዕጢ ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ይረጫል። ለአጭር ጊዜ ሲሆን ያነቃናል፣ ከአደጋ ያስመልጠናል። ወራትና ዓመታት ሲዘልቅ ግን ትውስታን የሚያግዘውን ሂፖካምፐስ የተባለ የአንጎል ክፍል ሊጎዳ ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ ድባቴ ባለባቸው ሰዎች ላይ ይህ ክፍል በአማካይ አነስ ብሎ ይታያል። መድኃኒቱም ምክክሩም የሚሠሩት ሕዋሳቱ ቀስ በቀስ አዲስ ትስስር እንዲፈጥሩ በማገዝ ሳይሆን አይቀርም የሚል ሐሳብ ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች ይዘዋል፤ ሳምንታት የሚፈጀውም ለዚህ ይመስላል። ስለዚህ «የኬሚካል ነው ወይስ የኑሮ?» የሚለው ጥያቄ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ልጇን የቀበረች፣ ዕዳ ያጎበጣት፣ ባሏ የሚደበድባት ሴት የሚደርስባት ነገር ሁሉ በእንቅልፏ፣ በሆርሞኗና በነርቭ ሕዋሳቷ ውስጥ ያልፋል። ኑሮ ኬሚስትሪን ይለውጣል።

«ደስታ ዶፓሚን ነው፣ ፍቅር ኦክሲቶሲን ነው»

ለእያንዳንዱ ስሜት አንድ ኬሚካል መስጠት ለማስታወስ ይመቻል፤ አንጎል ግን እንዲህ አልተከፋፈለም። ኦክሲቶሲንን አዋላጅ ነርሶቻችን በደንብ ያውቁታል፤ እናት እንደወለደች ደም እንዳይፈሳት የምትወጋው እሱ ነው። ማኅፀንን ያኮማትራል፣ ወተት እንዲወርድ ያደርጋል፣ ከመተሳሰብ ጋርም ይያያዛል፤ በአንዳንድ ሁኔታ ደግሞ ለባዕድ ያለንን ጥርጣሬ ሊያጠነክር እንደሚችል የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ። ዶፓሚንም ከእርካታው ይልቅ ከፍለጋው ጋር ይቀርባል። ቮልፍራም ሹልትዝ በጦጣዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ የዶፓሚን ሕዋሳት እንስሳው ሽልማቱን ሲቀበል ከመንቃት ይልቅ ሽልማት መምጣቱን የሚያበስረውን ምልክት ሲያይ መንቃት እንደሚጀምሩ አሳይቷል።

ይህ ለጫት ቃሚው ወጣት የሚነግረው ነገር አለ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚንና ኖርኤፒነፍሪን በብዛት እንዲለቀቁ ያደርጋል፤ ምርቃናውም ከዚያ ይመጣል። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ስለሚዳከም ነው ትኩሱ የሚፈለገው። ምርቃናው ሲወርድ ግን መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣትና የመንፈስ መውደቅ ይከተላል፤ እሱን ለማብረድ አረቄ ሲጨመርበት ደግሞ የማግስቱ ስሜት ይብሳል። «ድባቴዬን የማባርርበት ነው» የሚለው ወንድማችን አብዛኛውን ጊዜ የሚያባርረው ትናንት የቃመው ጫት የተወለትን ነው።

«ጎሜ ነው»፣ «እምነቱ ደክሞ ነው»

በጋሞ ደጋ ልማድ፣ ክልክል የተባለውን የጣሰ ሰው ጎሜ ይይዘዋል ይባላል፤ ሕመሙም የእህሉ አለመስጠትም ከዚያ ይቆጠራል። መፍትሔውም አለ፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ የተበላሸው ይጠየቃል፣ ይታመናል፣ ይታረቃል። በቆላው ባሉት የፕሮቴስታንትና የኦርቶዶክስ ምእመናን ዘንድ ደግሞ የሚሰማው ሌላ ነው፤ ጸሎት ጎድሎት ነው፣ ክፉ መንፈስ ነው ይባላል።

በዚህ ጉዳይ ላይ «ኋላ ቀር እምነት» ብሎ ማለፍ ቀላልም ስህተትም ነው። ጎሜን የሚፈታው ሥርዓት ውስጥ በጣም ዋጋ ያለው ነገር አለ። ሰውን ለብቻው አይተወውም፤ ከተጣላው ያስታርቀዋል፣ ወደ ማኅበሩ ይመልሰዋል። የጋሞ ሽማግሌዎች መስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ በወገኖቻቸው ላይ ከደረሰው ግድያ በኋላ፣ አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የወጣውን ወጣት እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ሲያስቆሙት አገር ሁሉ አይቷል። ሐዘንን ወደ ጥፋት እንዳይሄድ መያዝ የሚችል ማኅበረሰብ ለድባቴ ሕክምና ትልቅ ሀብት ነው። ብቸኝነት ድባቴን ያባብሳል፤ የሚያዳምጥ ሰው ማግኘት ያቀላል። ዚምባብዌ ውስጥ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ ከ2006 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) የሰፈር አያቶችን አሠልጥኖ ጤና ጣቢያ ግቢ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ሕሙማንን እንዲያነጋግሩ አድርጓል፤ በ2016 የታተመው ጥናት፣ ከስድስት ወር በኋላ እነሱን ያነጋገሩት ሕሙማን የተለመደውን ክትትል ብቻ ካገኙት በግልጽ እንደተሻላቸው አሳይቷል። በዱቡሻ (በጋሞ የሽንጎ አደባባይ) ተቀምጦ ነገርን ከሥሩ መመርመር ለለመደ ሕዝብ ይህ እንግዳ አይሆንም።

የማልቀበለው ጥፋቱን በታመመው ሰው ላይ መጫኑን ነው። ድባቴ ራሱ ሰውን «አንተ በደለኛ ነህ፣ ዋጋ የለህም» ይለዋል፤ ከንቱ የጸጸት ስሜት ከሕመሙ ምልክቶች አንዱ ነው። በዚህ ላይ ዘመድና ጎረቤት «ምን አጥፍተህ ነው?» ሲሉት የሕመሙን ድምፅ ያረጋግጡለታል። ያላጠፋውን ሲናዘዝ የሚኖር ሰው አለ። ጸሎቱ፣ ጸበሉ፣ ሽምግልናው መድኃኒት ከመውሰድ ጋር አይጋጭም። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜም ይኸው ጥያቄ ተነስቶ፣ ጸበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ የሃይማኖት አባቶች አስተምረዋል።

«ገበሬ ድባቴ አያውቅም፤ የከተማ ሰው ሕመም ነው»

በዓለም የጤና ድርጅት ግምት በ2019 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ላይ ወደ 280 ሚሊዮን ሰዎች ድባቴ ነበረባቸው፤ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ከሚኖሩት ውስጥ ከአራት ሦስቱ ሕክምና አያገኙም። በአገራችንም ገጠሩ ነፃ አይደለም። ቡታጅራ አካባቢ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ሌሎች ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ለአሥርተ ዓመታት ያደረጉት ጥናት የአእምሮ ሕመም ገጠር ውስጥም በብዛት እንዳለ አሳይቷል።

ገጠር ውስጥ የማይታየው በሌላ መልክ ስለሚመጣ ነው። «አዝኛለሁ» ብሎ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው ብዙም የለም። «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ያፍነኛል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ጉልበቴ ከዳኝ» ይላሉ። በቆላው መጀመሪያ ወባ ይመረመራል፤ መመርመሩም ትክክል ነው። ወባ ከሌለ ታይፎይድ፣ ቀጥሎ ጨጓራ ይባላል፤ መድኃኒት ይሰጣል፤ ከወር በኋላ በዚያው ሕመም ይመለሳሉ። በጉራጌው ሶዶ ወረዳ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችን አሠልጥኖ የአእምሮ ሕክምና ለመስጠት በተደረገው ሥራ ላይም፣ ከሥልጠና በኋላ እንኳ ድባቴ ያለባቸውን ለይቶ ማውጣት አስቸጋሪ ሆኖ ታይቷል።

አንዳንድ ቤተሰብ ከብት ሸጦ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የታመመውን ሰው አንጎል በማሽን ያስነሳል። ድባቴን የሚያሳይ የደም ምርመራም ሆነ የአንጎል ፎቶ እስካሁን የለም። ሐኪሙ የሚያውቀው በመጠየቅ ነው፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ስሜቱ ወርዷል ወይ? ይወደው የነበረው ነገር አስጠልቶታል ወይ? እንቅልፉ፣ የምግብ ፍላጎቱ፣ ትኩረቱ እንዴት ነው? የላቦራቶሪው ጥቅም ድባቴ መሳዩን መለየት ነው፤ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ ሳንባ ነቀርሳ እንዲሁ ሰውን ያደክማሉ። የሚወሰድ መድኃኒትም መጠየቅ አለበት፤ ኤችአይቪ ያለባቸው ብዙ ወገኖቻችን ለዓመታት የወሰዱት ኢፋቪረንዝ ለምሳሌ፣ በአንዳንዶች ላይ ቅዠትና የስሜት መውረድ ያመጣ ነበር።

«መድኃኒቱ ሱስ ነው፤ አንዴ ከተጀመረ አይቆምም»

በጤና ተቋሞቻችን በብዛት የሚታዘዙት አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን ናቸው። እንደ ጫት ወይም አረቄ አምጡልኝ አያሰኙም፣ መጠን ጨምሩልኝም አያስብሉም። ከዲያዜፓም ጋር እየተምታቱ ነው ስማቸው የጠፋው፤ ዲያዜፓም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በእርግጥ ያስለምዳል። ይሁን እንጂ ፀረ ድባቴ መድኃኒትን በድንገት ማቆም ማዞር፣ መነጫነጭና የእንቅልፍ መዛባት ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ የሚቆመው ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ቀስ በቀስ ነው። አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል፣ ያስተኛል፣ ሆድ ያደርቃል። ብዙዎች የሚያቋርጡት በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ ቀድሞ ይታያል፣ ጥቅሙ ይዘገያል። ይህን አስቀድሞ የነገራቸው ሰው ቢኖር የሚታገሡ ይመስለኛል። ስሜቱ ከተስተካከለ በኋላም ለዘጠኝ ወር ወይም ለዓመት ያህል መቀጠል ይመከራል፤ ዕድሜ ልክ የሚወስዱት ጥቂቶች ናቸው።

ሁለት ጥንቃቄ። ቀደም ብሎ ያለ ልክ መፈንጠዝ፣ ሳይተኙ ማደርና ገንዘብ መበተን የታየበት ሰው ለሐኪሙ ይናገር፤ ባይፖላር የተባለው ሕመም ከሆነ ፀረ ድባቴ መድኃኒት ለብቻው ሊያባብሰው ይችላል። ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቅርብ መታየት አለባቸው፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ በአንዳንዶች ላይ ሊጨምር ይችላልና።

«ስለ ሞት ከጠየቅኸው ታስታውሰዋለህ»

ይህኛው ሕይወት ያስከፍላል። «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይተክል ጥናቶች አሳይተዋል፤ ተጠያቂው ብዙ ጊዜ ሸክሙን የሚያራግፍበት ሰው በማግኘቱ ይቀለዋል። ለታላቅ ሰው ሲሆን «አባባ፣ መኖር ያስጠላዎት ጊዜ አለ?» ብሎ ቀስ አድርጎ መጀመር ይቻላል። መልሱ አዎ ከሆነ አይገሠጽ፣ ስብከትም አይደርደርበት፤ ይደመጥ። ለብቻውም አይተው። ቤት ውስጥ ያለ የእርሻ ፀረ ተባይ ኬሚካልና የተከማቸ መድኃኒት ከእጁ ይራቅ፤ ስሪላንካ አደገኛ ፀረ ተባዮችን ከገበያ በማውጣት ብቻ ብዙ ሺህ ሰው አትርፋለች። በዚያው ቀን ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ካስፈለገ ወደ አርባ ምንጭ ጠቅላላ ሆስፒታል ይወሰድ። ሪፈር ወረቀት ይዞ ብቻውን መናኸሪያ አይላክ፤ አብሮት የሚሄድ፣ ወረፋ የሚጠብቅለት፣ በጋሞኛ የተናገረውን ለሐኪሙ የሚያስረዳለት ሰው ይኑረው።